አንድ ሞተር፣ ብዙ ሥራ፦ ትንሹ ትራክተር በመንዝ ደጋ ያዋጣል?

በካናዳና በዩናይትድ ስቴትስ ቀዝቃዛ ግዛቶች አንድ የጓሮ ትራክተር በበጋ ሣር ያጭዳል፣ በክረምት ደግሞ ከፊቱ የበረዶ መጥረጊያ ተገጥሞለት የግቢውን የመኪና መግቢያ ያጸዳል። ባለቤቱ የገዛው ሞተር አንድ ነው፤ ሥራው ግን እንደ ወቅቱ በሚገጠምለት ዕቃ ይለዋወጣል። በሚኒሶታና በአልበርታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ማሽን በየጎረቤታቸው ያዩታል። በመንዟ ከተማ በመሐል ሜዳ የሚጠረግ በረዶ የለም፤ ሂሳቡ ግን አንድ ነው። ውድ የሆነ ሞተር ዋጋውን የሚመልሰው ዓመቱን ሙሉ ሥራ ሲያገኝ ብቻ ነው።

ይህ ሂሳብ በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚነሳው በባለሁለት ጎማው ትራክተር፣ ብዙዎች «ዎኪንግ ትራክተር» በሚሉት ማሽን ምክንያት ነው። ከ12 እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው የናፍጣ ሞተር ነው። ሹፌሩ እርፍ እንደሚይዝ ገበሬ ከኋላው እየተከተለ ይነዳዋል። ማረሻ፣ መዝሪያ፣ ማጨጃ፣ መውቂያ፣ የውኃ ፓምፕና ተሳቢ ይገጠምለታል። መንዝን፣ ግሼንና መርሐቤቴን በመሰለ ተዳፋት፣ ድንጋያማና የተቆራረጠ መሬት ላይ ትልቅ ትራክተር ስለማይዘልቅ፣ መፍትሔው ትንሹ ነው የሚል ሐሳብ ላለፉት አሥር ዓመታት ጎልቶ ተሰምቷል።

በዚህ ክርክር ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ይደባለቃሉ። አንደኛው ማሽኑ ሥራውን ይችላል ወይ የሚለው ነው፤ ይህ የቴክኒክ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ያዋጣል ወይ ነው፤ የኢኮኖሚ ጥያቄ ነው። ሦስተኛው ለማን ያዋጣል የሚለው ሲሆን የማኅበራዊ ፍትሕ ጥያቄ ነው። ለአንዱ የተሰጠ አዎንታዊ መልስ ለሌሎቹ ዋስትና አይሆንም። ይህ ዳሰሳ ሦስቱን ለያይቶ ለማየት ይሞክራል። «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

መነሻው፦ ከጓሮ እስከ ሩዝ ማሳ

የትንሹ ትራክተር ታሪክ ሁለት ሐረግ አለው። የመጀመሪያው ከምዕራባውያን ጓሮ ይነሳል። በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ የፎቶግራፍ ባለሙያ የነበረው ቤንጃሚን ግሬቭሊ በሞተር የሚሄድ የእጅ ማረሻውን እ.ኤ.አ. በ1916 አስመዘገበ። በአውስትራሊያ አርተር ክሊፎርድ ሃዋርድ እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ አፈርን በሚሽከረከር ጥርስ የሚፈጭ መሣሪያ ሲሞክር ቆይቶ ሮታቬተርን ፈጠረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰፊ ግቢ ያላቸው የከተማ ዳር መንደሮች ሲበዙ ማሽኑ የቤተሰብ ዕቃ ሆነ፤ የእርሻ መሣሪያ አምራቹ ጆን ዲር የመጀመሪያውን የጓሮ ትራክተሩን እ.ኤ.አ. በ1963 ለገበያ አቀረበ። የበረዶ መጥረጊያው በበኩሉ የተለየ ታሪክ አለው። የኩቤኩ አርተር ሲካር እ.ኤ.አ. በ1925 የሠራው መጥረጊያ ለከተማ መንገድ የታሰበ ነበር፤ ወደ ግለሰብ ግቢ የወረደው ቆይቶ ነው።

ሁለተኛው ሐረግ የእስያ ነው። ጃፓን ከጦርነቱ በኋላ መሬት ለገበሬ ስታከፋፍል፣ ማሳው ትንሽ ሆኖ የቀረው ገበሬ በእጅ የሚነዳውን ትራክተር ተቀበለ። ቻይና 12 የፈረስ ጉልበት ያለውን ዶንግፌንግ በብዛት አምርታ ለዓለም አዳረሰች። በባንግላዴሽ ደግሞ የ1988 እ.ኤ.አ. ታላቅ ጎርፍ የእርሻ ከብቱን ስለጎዳው፣ መንግሥት በትንንሽ ሞተሮች ማስገባት ላይ ጥሎት የነበረውን ገደብ አነሳ። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ አብዛኛው ማሳ በማሽን መታረስ ጀመረ። ማሽኑን የገዛው ጥቂት ሰው ነው፤ ቀሪው ገበሬ በኪራይ ያሳርሳል።

የሁለቱ ሐረጎች ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በጓሮው ሐረግ ማሽኑ የባለቤቱን ድካም ይቀንሳል እንጂ ገቢ አያመጣም፤ ዋጋው ከሌላ ደመወዝ ይከፈላል። በእስያው ሐረግ ማሽኑ ራሱ እየሠራ ራሱን ይከፍላል። ለመንዝ ገበሬ የሚቀርበው ማሽን የሁለተኛው ሐረግ ልጅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ግን በመጀመሪያው ሐረግ አኳኋን፣ እያንዳንዱ ቤት ቢኖረው ይጠቀማል ተብሎ ነው።

የበረዶ አገር ተጠቃሚዎች ለዓመታት የተከራከሩባቸው ሦስት ችግሮችም ለእርሻው ትምህርት ይሆናሉ። የመጀመሪያው የጎማው መያዝ ነው፤ ቀላል ትራክተር በረዶ ላይ ስለሚንሸራተት ሰንሰለትና ተጨማሪ ክብደት ይፈልጋል። ሁለተኛው ዕቃ የመቀያየሩ ጣጣ ነው፤ የሣር ማጨጃውን ፈትቶ የበረዶ መጥረጊያውን መግጠም ጊዜና ጉልበት ስለሚፈጅ፣ ብዙዎች ለእያንዳንዱ ሥራ የየራሱ ማሽን ይሻላል ይላሉ። ሦስተኛው የሞተሩ አቅም ነው፤ ለስላሳ በረዶ በቀላሉ የሚወረውር ሞተር ርጥብና ከባድ በረዶ ሲገጥመው ይታፈናል። ርጥብ መሬት፣ የዕቃ መቀያየርና የሞተር አቅም በደጋ ማሳም ዋነኞቹ ጥያቄዎች ናቸው።

ትራክተር በኢትዮጵያ፦ መንዝን ያለፉ ሦስት ምዕራፎች

የመጀመሪያው ምዕራፍ የንጉሡ ዘመን ነው። በሰቲት ሁመራ ሰፋፊ ማሳዎች ትራክተር ገባ፤ በአርሲ ደግሞ በስዊድን ድጋፍ በ1960 መባቻ የተጀመረው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲያስፋፋ፣ ባለርስቶች መሬቱ በትራክተር ሲታረስ የሚያገኙትን ትርፍ አዩ። ውጤቱ የጭሰኞች መፈናቀል ሆነ። ይህ በጊዜው አጥኚዎች በሰፊው የመዘገቡት ሐቅ ነው፤ ትራክተር በኢትዮጵያ የፖለቲካ ትውስታ ውስጥ ከመፈናቀል ጋር የተያያዘውም በዚህ ምክንያት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ምዕራፍ ዘጋው።

ሁለተኛው ምዕራፍ የደርግ ነው። ትራክተሩ ወደ መንግሥት እርሻዎችና ወደ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሄደ። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው የናዝሬት ትራክተር መገጣጠሚያ የቤላሩስ ትራክተሮችን ይገጣጥም ነበር። ማኅበራቱ በ1982 የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲፈርሱ የጋራ ማሽን አያያዝ ልምዱም አብሮ ተበተነ።

ሦስተኛው ምዕራፍ የግል ኪራይ ነው። በአርሲና በባሌ የስንዴ አገር ባለሀብቶች ኮምባይነርና ትራክተር ገዝተው በየመንደሩ እየዞሩ ማከራየት ጀመሩ። የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጽሑፍ፣ በኢትዮጵያ በትራክተር የሚታረሰው ማሳ ከመቶ አንድ እንደማይሞላ፣ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2015 የአገሪቱ የስንዴ ማሳ አንድ አራተኛ ያህሉ በኮምባይነር እንደታጨደ ገምተዋል። ይህ ንጽጽር ብዙ ይናገራል። ማንም ያላስገደደው ገበያ ከእርሻው ይልቅ አጨዳውንና ውቂያውን አስቀድሟል።

መንዝ በሦስቱም ምዕራፎች ውስጥ የለም። ማሳው ተዳፋት ነው፤ ዋናው እህል ገብስ ነው፤ የቤተሰብ ይዞታው ትንሽ ሆኖ እሱም በበርካታ ቦታ ተቆራርጧል። ስለዚህ ጥያቄው ለዚህ አገር በእርግጥም አዲስ ነው።

የበሬው ወገን

የመጀመሪያው አቋም በሬና ማረሻ ይበቃሉ፣ የጎደለው ማሻሻያ ብቻ ነው የሚል ነው። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው የኢትዮጵያ የእርሻ ታሪክ፣ ማረሻው ለዘመናት የጸናው ገበሬው ለውጥ ስለጠላ ሳይሆን መሣሪያው ለአካባቢው ስለተስማማ መሆኑን አሳይቷል። ሞፈር፣ ቀንበር፣ ድግር፣ እርፍና ወገል ተደምረው አንድ ሰው በትከሻው ተሸክሞ ገደል የሚወርድበት ክብደት አላቸው። እንጨቱን ገበሬው ራሱ ይጠርበዋል፤ ብረቱን የመንደሩ ቀጥቃጭ ያሾለዋል። ድንጋይ ሲያጋጥም ገበሬው እርፉን ዘንበል አድርጎ ያልፈዋል። ነዳጅ የለው፣ የውጭ ምንዛሪ የለው።

በሬውም ከማረስ ያለፈ ጥቅም አለው። ዛፍ በሳሳበት የመንዝ ደጋ ኩበት ዋና ማገዶ ነው። ያረጀ በሬ ደልቦ ይሸጣል። ማሽን ግን ሲያረጅ ብረት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የዚህ አቋም ድካም የበሬ እጦት ነው። በደጋው ብዙ ቤተሰብ ጥንድ በሬ የለውም፤ አንድ ያለው ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፣ ምንም የሌለው መሬቱን ለእኩል ይሰጣል ወይም በጉልበቱ ለውጦ ያሳርሳል። መቀናጆ ችግሩን ያቃልላል እንጂ አያጠፋውም፤ ዝናቡ ለሁሉም በአንድ ቀን ስለሚጥል ሁለተኛ ተራ የደረሰው ሰው ዘግይቶ ይዘራል። የበልጉ ዝናብ አጭርና የማይታመን በሆነበት በመንዝ የአንድ ሳምንት መዘግየት ሰብል ሊያሳጣ ይችላል። በዚያ ላይ በሬው በዓመት ጥቂት ወራት ሠርቶ ዓመቱን ሙሉ ይበላል፤ የሚበላው ደግሞ የአካባቢው ዋና የገንዘብ ምንጭ የሆነው የመንዝ በግ የሚፈልገውን ድርቆሽና ግጦሽ ነው።

የማሻሻያ ሙከራዎቹ ታሪክ የሚያጽናና አይደለም። መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የቁም እንስሳት ማዕከል በደብረ ዘይትና በደብረ ብርሃን ጣቢያዎቹ በአንድ በሬ የሚታረስበትን ቀንበርና ሞፈር ሞክሯል። በጣቢያው ሠርቷል፤ በገበሬው ዘንድ ግን አልተስፋፋም። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በተካሄደው የጥቁር አፈር ፕሮጀክት የቀረበው ሰፊ መደብ ማውጫ ውኃ በሚተኛበት መሬት ላይ ምርት ማሳደጉ ቢመዘገብም ስርጭቱ ውስን ሆኖ ቀርቷል። በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የተሠሩት፣ በነባሩ ሞፈርና እርፍ ላይ የሚገጠሙ ገልባጭ ማረሻዎችም ዕጣቸው ተመሳሳይ ነው። ከሦስቱም የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው፤ መሣሪያ በጣቢያ መሥራቱ ገበሬው ዘንድ ለመድረሱ ማስረጃ አይሆንም። ይህ ትምህርት ለትንሹ ትራክተርም ይሠራል።

የትንሹ ትራክተር ወገን

ሁለተኛው አቋም በጽሑፍ ጠንክሮ የቀረበው በዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል፣ በተለይም በፍሬዴሪክ ቦድሮንና ባልደረቦቹ ነው። ማዕከሉ በአውስትራሊያ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በዚምባብዌ ባለሁለት ጎማ ትራክተርን ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ጽሑፋቸው ክርክሩን እንዲህ ያስኬደዋል። የገጠሩ ጉልበት እየቀነሰ ነው፤ በሬው ተመናምኗል፣ ወጣቱ ወደ ከተማ ሄዷል። ትልቅ ትራክተር ደግሞ ለትንሽ ማሳ አይመጥንም። አነስተኛ ሞተር ደግሞ ደጋግሞ ለማረስ አቅም ያንሰዋል። ስለዚህ ማረሱን ትቶ አንድ ጠባብ መስመር ብቻ እየሰነጠቀ ዘርና ማዳበሪያ የሚጥል መዝሪያ ቢገጠምለት የሚፈለገው ጉልበት ስለሚቀንስ ትንሹ ሞተር ይበቃል።

ለመንዝ ቅርብ የሆነው ሙከራ የተካሄደው እዚያው ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ በባሶና ወራና ወረዳ ነው። «አፍሪካ ራይዚንግ» የተባለው የምርምር ፕሮግራም ጉዶ በረትንና ጎሼ ባዶን ጨምሮ በአካባቢው ሲሠራ ከሞከራቸው ነገሮች አንዱ በወጣቶች የሚሰጥ የባለሁለት ጎማ ትራክተር አገልግሎት ነበር። ከውጭ ደግሞ የኔፓል ኮረብታዎች ልምድ ይጠቀሳል። ከዶንግፌንግም ያነሰው፣ ሁለት ሰው ሊያነሳው የሚችለው ትንሽ ማረሻ ሞተር ወጣቶቹ ለሥራ በተሰደዱባቸው የኔፓል እርከኖች በፍጥነት ተስፋፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናትም በአነስተኛ ይዞታ ባለቤቶች ዘንድ የሩዝ ምርት መጨመሩን ዘግቧል።

የዚህ አቋም ደካማ ጎን የተደገፈበት ቅድመ ሁኔታ ነው። ሳያርሱ መዝራት የሰብል ቅሪት በማሳው ላይ እንዲተው ይጠይቃል። በመንዝ የገብስ ገለባ የከብት ቀለብ፣ የጭቃ ማቡኪያና የገበያ ሸቀጥ ነው፤ ሰብሉ ሲነሳም ማሳው የመንደሩ ከብት መዋያ ይሆናል። በዚያ ላይ ደጋግሞ ማረስ አረም ማጥፊያ መንገድ ነው፤ እርሻው ሲቀር ፀረ አረም ኬሚካል ይተካዋል፣ ያም ገንዘብ ነው። ቅድመ ሁኔታው ካልተሟላ ሞተሩ ተመልሶ ማረስ ይኖርበታል፤ አቅሙ ያነሰውም እዚያ ላይ ነበር።

የትልቁ ትራክተርና የኩታ ገጠሙ ወገን

ሦስተኛው አቋም ማሽኑን ለማሳው ከማሳነስ ማሳውን ለማሽኑ ማስፋት ይሻላል ይላል። የጎረቤታሞች ማሳ ወሰኑ ሳይፈርስ አንድ ዓይነት ሰብል በአንድ ጊዜ ከተዘራበት ትራክተርና ኮምባይነር ሊገባ ይችላል። መንግሥት በስንዴ ላይ የገፋበት የኩታ ገጠም እርሻ የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። በ2011 የግብርና መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ መፈቀዱም ረድቶታል።

በአርሲ ሜዳ፣ ወይም በሞረትና ጅሩ በእንዋሪ ዙሪያ ባለው ጥቁር አፈር ሐሳቡ መሠረት አለው። ወደ መሐል ሜዳ፣ ሞላሌና ራቤል ሲወጣ ግን ሜዳ ማለት በሁለት ገደል መካከል ያለ ጠባብ አምባ ሊሆን ይችላል። ማሳዎቹን መስመርና ካብ ይለያያቸዋል፤ ካቡ ደግሞ አፈሩን የያዘው ነው። ኩታ ገጠም ለማድረግ ካቡን ማፍረስ አፈሩን ለክረምት ጎርፍ መስጠት ይሆናል። ስለዚህ ይህ አቋም በወረዳዎቹ ውስጥ ባሉ ጥቂት ሰፊ አምባዎች ላይ ይሠራ ይሆናል፤ ለቀሪው ግን መልስ የለውም።

ከፍታ፣ ውርጭ፣ ድንጋይና ተዳፋት

ሦስቱም አቋሞች በብዛት የሚያልፉት አንድ ነገር አለ፤ እሱም ከፍታው ራሱ ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የጓሳ ጥብቅ አካባቢ ከዚያም በላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ገደማ ነው። አየር የሚያስገድድ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚሳሳ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ሰነዱ ላይ 12 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር መንዝ ሲደርስ ዘጠኝ ገደማ ይሆናል። የናፍጣው ልክ ካልተስተካከለም ጥቁር ጭስ እያወጣ ነዳጅ ያባክናል። ባንግላዴሽ በባሕር ጠለል ደረጃ ያለች አገር ናት፤ የእሷ ስኬት ወደ መንዝ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀነስለት ይህ ሩብ ነው።

ውርጩ ሁለተኛው ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ሞተሮች የሚቀዘቅዙት ከላያቸው ባለው ክፍት የውኃ ማጠራቀሚያ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊት ውርጭ ሲጥል በውስጡ ያደረ ውኃ በረዶ ሆኖ ሞተሩን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ በየምሽቱ መድፋት ያስፈልጋል። ቀን ላይ ደግሞ በዚህ ከፍታ ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ቶሎ ቶሎ ይጎድላል። በእጅ እየዞረ የሚነሳ ሞተር በብርድ ጠዋት እምቢ ማለቱም የታወቀ ነው።

ድንጋዩ የሮታቬተርን ጥርስ ይሰብራል፣ ያጎብጣል። ማረሻ ድንጋዩን ሲነካው ይዘላል፤ የሚሽከረከር ጥርስ ግን ይመታዋል። ተዳፋቱ ሁለት ዓይነት አደጋ አለው። አንደኛው ለሰው ነው፤ ከ300 እስከ 500 ኪሎ የሚመዝን ማሽን አግድም ሲሄድ ሊገለበጥ፣ ተሳቢ ጎትቶ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬን ሊያጣ ይችላል። ሌላው ለአፈሩ ነው፤ ተፈጭቶ የላላ አፈር በመጀመሪያው ዶፍ ይታጠባል። ባሕር ማዶ ያሉ ባለበረዶዎች በሰንሰለትና በክብደት የመለሱት የጎማ መያዝ ጥያቄ በርጥብ ተዳፋት ላይም ይነሳል፤ የብረት ጎማና ተጨማሪ ክብደት ይረዳል፣ ይሁንና ክብደቱ ራሱ ርጥብ አፈርን ይጠቀጥቃል።

እርሻ ይቅደም ወይስ ሌላው?

እስካሁን የታየው ማስረጃ ለማረስ ሥራ ተስፋ የሚሰጥ አይደለም። ጥያቄው ግን እዚህ ላይ አያበቃም፤ ማሽኑ ከማረስ ሌላ ሥራ አለውና። የግብርና ኢኮኖሚስቱ ሃንስ ቢንስዋንገር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የብዙ አገሮችን ታሪክ መርምሮ የደረሰበት መደምደሚያ አለ። ብዙ ጉልበት ግን ጥቂት ጥንቃቄ የሚጠይቁ ሥራዎች፣ ማለትም መፍጨት፣ መውቃት፣ ውኃ መሳብና ማጓጓዝ፣ ከሌላው ቀድመው ወደ ሞተር ይዞራሉ። ጥንቃቄ የሚጠይቁት እንደ አረምና ዘር ያሉት ይዘገያሉ። ከፕራቡ ፒንጋሊና ከኢቭ ቢጎ ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት የአፍሪካ ጥናትም ትራክተር በመንግሥት ግፊት ሳይሆን በመሬትና በጉልበት ፍላጎት ሲሳብ ብቻ እንደሚጸና አሳይቷል።

መንዝ ይህን መደምደሚያ አስቀድማ መስክራለች። ወደ ደጋው መንደሮች ቀድሞ የገባው የናፍጣ ሞተር የእህል ወፍጮ ነው። ማንም አልሰበከውም። እናቶች ከድንጋይ ወፍጮ ስለገላገላቸው በዳገት ሳይቀር እህል ተሸክመው ሄዱለት፤ ባለወፍጮውም ከየቁናው ባገኘው ገንዘብ ሞተሩን ከፈለ።

ከወፍጮ ቀጥሎ የሚመጣው ውቂያው ነው። አውድማ ላይ ከብት እየነዱ ማበራየት ቀናት ይወስዳል፤ ያልታሰበ ዝናብ ሲጥል ነዶው ይበሰብሳል፣ እህሉም ከአፈርና ከፋንድያ ይቀላቀላል። መውቂያ ማሽን ቆሞ ስለሚሠራ ዳገት፣ ድንጋይና የጎማ መያዝ አያሳስቡትም፤ የከፍታው ሩብ ጉድለት ብቻ ይቀርበታል፣ እሱም በቀስታ በመመገብ ይካካሳል። ተሳቢውም በመንገድ ዳር ላሉ ቀበሌዎች እህል፣ ማዳበሪያና የግንባታ ድንጋይ ያመላልሳል። ፓምፑ በወንዝ ዳር ድንችና ሽንኩርት ለሚያለሙ ይጠቅማል። እዚህ ላይ ግን የዕቃ መቀያየር ጥያቄ ይመለሳል። መውቂያና ተሳቢ በአንድ ወቅት ይፈለጋሉ፤ ሞተሩ ደግሞ አንድ ነው። የአገልግሎት ሰጪው ብልሃት የሚታወቀው ጠዋት ምን፣ ከሰዓት ምን እንደሚገጥም በማወቁ ነው።

የማን ይሁን?

በባለቤትነት ላይ ሦስት መንገዶች ተሞክረዋል፤ የግለሰብ፣ የወጣቶች ማኅበርና የገበሬዎች ኅብረት ሥራ። የግለሰቡ መንገድ በአርሲም በባንግላዴሽም ሠርቷል፤ ባለቤቱ ማሽኑ ሲቆም የሚጎዳው እሱ ስለሆነ ይጠነቀቃል። የማኅበሩ መንገድ ለድሃው ቅርብ ቢሆንም ጥገናውን ማን ይክፈል የሚለው ያፈርሰዋል።

አንዳንዶች የመንዝን የጋራ አስተዳደር ልምድ ይጠቅሳሉ። የጓሳን ሣር ለዘመናት የጠበቀው የቄሮ ሥርዓት መቼ እንደሚታጨድ፣ ማን እንደሚያጭድ ይወስን ነበር፤ በ1967 የመሬት አዋጅ ሲፈርስም ጓሳው ተጎዳ። ንጽጽሩ ማራኪ ነው፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ጓሳ በተከለከለ ቁጥር ይበቅላል፤ ማሽን ግን በቆመም በሠራም ያረጃል። ጥበቃ ብቻ አይበቃውም፣ በየጊዜው ገንዘብ ይፈልጋል።

ገንዘቡ ሌላ ጣጣ ነው። ዋልያ የካፒታል ዕቃዎች ፋይናንስ በአማራ ክልል ማሽን በሊዝ የሚያቀርብ ተቋም ነው፤ ማሽኑ ራሱ ዋስትና ስለሚሆን መሬቱን ማስያዝ ለማይችለው ወጣት በር ይከፍታል። ይሁን እንጂ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ንሯል፤ የነዳጅ ድጎማ መቀነስና በጀሪካን ሽያጭ ላይ የተጣለው ገደብ ከማደያ ርቆ ለሚሠራ ሞተር ከባድ ነው። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም መንገድንና ገበያን አውኳል። መለዋወጫውና መካኒኩ አዲስ አበባ ከሆኑ ከቀረጥ ነፃ የገባው ማሽን ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል።

ገና ያልተቋጩ ነጥቦች

አራት ጥያቄዎች ክፍት ናቸው። የመጀመሪያው የጉልበት ነው። የጭላሎው መፈናቀል በዛሬው የመሬት ሥርዓት ይደገማል የሚል ክርክር ደካማ ነው፤ ጭሰኛ የለምና። ሆኖም በሬ ያለው ሰው በሬ ለሌለው እያረሰ የሚያገኘው ድርሻና የቀን ሠራተኛው የአጨዳና የውቂያ ገቢ ይቀንሳሉ። ሁለተኛው የሴቶች ነው። ማጓጓዣና ወፍጮ የሴቶችን ሸክም በቀጥታ ያቃልላሉ፤ እርሻ ግን የወንዱን ሥራ ነው የሚተካው። የትኛው ዕቃ ይቀድማል የሚለው ምርጫ ለማን እንደሚቀድም ምርጫ ነው።

ሦስተኛው የበሬውና የበጉ ነው። ማሽን የበሬን ቁጥር ከቀነሰ የተረፈው መኖ ወደ በግ ይሄዳል የሚለው ግምት ያሳምናል፤ ነገር ግን ኩበቱም አብሮ ይቀንሳል፣ ማገዶው ከየት ይመጣል የሚለው ያልተመለሰ ነው። አራተኛው የአፈሩ ነው። ተዳፋት ማሳን በሚሽከረከር ጥርስ ማረስ ከካብና ከእርከን ሥራ ጋር እንዴት ይታረቃል የሚለውን ማሽኑን የሚያስተዋውቁትም የሚነቅፉትም በበቂ አልመለሱትም።

ፍርድ

ማስረጃው ሲጠቃለል መልሱ እንደ ሥራው ይለያያል። ለማረስ ሥራ ባለሁለት ጎማው ትራክተር በመንዝ ተዳፋትና ድንጋያማ ማሳ ላይ ከበሬ አይበልጥም፤ ከፍታው ጉልበቱን ወስዶበታል፣ ሳያርሱ የመዝራቱ ቅድመ ሁኔታም አልተሟላም። ለውቂያ፣ ለማጓጓዝና ለውኃ ግን የመንገድ ዳር አገልግሎት ሆኖ ሊያዋጣ ይችላል። ስለዚህ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤቶች፣ ለአበዳሪ ተቋማትና ለአስመጪዎች የሚቀርበው ጥሪ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት የሚል ነው። ሞተሩን ከሮታቬተር ጋር አትሽጡ፤ ከመውቂያና ከተሳቢ ጋር አቅርቡ። ከአንድ መቶ ማሽን በፊት መሐል ሜዳ ላይ አንድ መለዋወጫ መደብርና ሁለት የሠለጠኑ መካኒኮች ይኑሩ። በሬው እስከዚያ ሥራውን ይቀጥል።